ሃያ ዓመት በግቢያቸው የተዘጉት የሻለቃ ምሳው ትእዛዙ የሕይወት ታሪክ

በ1938 ዓ.ም. ፃግብጂ ላይ አንበጣ ወረደ። ማሽላው ዘለላ እንደያዘ አለቀ። ከብቱ በየአፋፉ ወድቆ ቀረ፤ ሰውም ቅጠል ቀቅሎ በላ። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን ሻለቃ ምሳው ከአባታቸው ከአቶ ትእዛዙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ተወለዱ። የክርስትና ስማቸውም ወልደ ሚካኤል ተባለ።

ፊደልና ዳዊት በቤተ ክርስቲያን ተማሩ፤ ሰቆጣ ደግሞ እስከ ስድስተኛ ክፍል ደረሱ። በ1957 ዓ.ም. ወታደር ቤት ገብተው በሰሜንና በምሥራቅ ተዋጉ፤ ሁለት ጊዜ ቆሰሉ። በ1966 ዓ.ም. ወይዘሮ ተዋበችን አግብተው ሶስናንና አንዷለምን ወለዱ። በ1970 ዓ.ም. የአውራጃው ወታደራዊ አስተዳዳሪ ሆነው ሰቆጣ ተመለሱ።

ዝናቸው ከዚያ ይጀምራል። ከጽጽቃ እስከ አምደወርቅ ስማቸው ሲነሳ ሰው ዙሪያውን ያይ ነበር። በየቤቱ የሚወራውን ሁሉ ያውቃሉ ይባል ነበር። በጥር 1971 ዓ.ም. መምህር ተስፋው ደብሬን አስረሸኑ። እንዳይለቀስለት፣ ፍትሐትም እንዳይደረግለት አዋጅ አስነገሩ። እኅቱ ዝናሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብትወጣ ሁለት ሳምንት ታሰረች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ የመንግሥትን መጋዘን የበላይ ሳያስፈቅዱ ከፍተው ስንዴ አደሉ። በዚያ ስንዴ የተረፉ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል። ሁለቱም ሥራቸው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም።

በ1983 ዓ.ም. ታስረው በ1998 ዓ.ም. ተፈቱ። ሕግ ለቀቃቸው፤ ደም ግን አልለቀቃቸውም። በአገራችን ደም ያለበት ሰው የሟች ወገኖች በሚቆሙበት ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ አይቆምም። ሻለቃም ግቢያቸው ውስጥ ተዘጉ። ከበሩ እስከ ጓሮው አርባ እርምጃ ነው። ቅዳሴን ከአጥር ውስጥ ሆነው በድምፅ ማጉያ ይሰሙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወይዘሮ ተዋበች ሲያርፉ ሬሳውን እስከ በሩ ሸኝተው ተመለሱ። በኋላም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማው ወደየዘመዱ ሲሸሽ እርሳቸው አልወጡም፤ በየመንገዱ የተስፋው ወገን ነበርና።

ሽማግሌ ስድስት ጊዜ ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ሄደ። ካሳ አልፈለጉም። «ወንድሜን የት እንዳደረገው ይንገረኝ። አፅሙን አፈር ላልብሰው፤ ያን ጊዜ ደሙ ይደርቃል» አሉ። ሻለቃ መልስ አልሰጡም። አገሩም በክፋት ደብቆት ነው አለ።

በ2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተያዙ። ሲጠናባቸው ሽማግሌዎቹን አስጠርተው፣ «የት እንዳለ አላውቅም። ግደሉ አልሁ እንጂ የት ቀበራችሁት ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን ለመናገር አፈርሁ» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አዬ ምሳው! ለዚህ ነው እንዴ ሃያ ዓመት ጫማ ያስጨረስከን?» አሉ። 

ተስፋውን እንዲረሽኑ ከታዘዙት ወታደሮች አንዱ አቶ መንግሥቴ አምደወርቅ ውስጥ በሕይወት ነበሩ። ሻለቃ ሰው አልላኩም። ደሙ ሳይደርቅ፣ በአንዷለም ትከሻ ተደግፈው ከበሩ ወጡ፤ በሚኒባስ ሄደውም ራሳቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ዝናሽ ይህን ሲሰሙ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ወንድሜን ፍለጋ ነው የወጣው፤ ማንም እንዳይነካው» ብለው አስጠነቀቁ። አቶ መንግሥቴም ከሰቆጣ በታች፣ ወንዙ ዳር ያለውን ቦታ መጥተው አሳዩ። አፅሙ ተገኘ። ተስፋው በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ጎብጦ ገጥሞ ነበርና፣ ወይዘሮ ዝናሽ በእጃቸው ዳስሰው ለዩት።

መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመምህር ተስፋው በክርስትና ስሙ በገብረ መድኅን ፍትሐት ተደረገ። አርባ ሰባት ዓመት የታፈነው ለቅሶም ወጣ። ሻለቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ በቃሬዛ ተኝተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። መጋቢት 12 ቀን በተወለዱ በ80 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

የሻለቃ የቀብር ቦታ ሲጠየቅ ወይዘሮ ዝናሽ፣ «ደሙ ደርቋል፤ ከሕዝቡ ጋር ይቀበር። በጸሎት ግን የወንድሜ ስም ይቅደም» አሉ።

እግዚአብሔር የገብረ መድኅንን ነፍስ ወደ ብርሃኑ ይቀበል፤ ከእርሱም ኋላ የወልደ ሚካኤልን።