በአራስ አልጋ ላይ የተጋደመው ራዲዮ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ልዑል፣

ከቤቴ ያስወጣኝ ሽበሺ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም። ከሰላምታዬ በፊት የባሌን ስም ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ። እሱን ካልተነፈስኩት እጄ ሌላውን አልጽፍ ብሎኝ ነው።

አሁን እንዴት ነዎት ጋሼ? ያ ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? የደብረ ብርሃን ክረምት ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? እትዬ ደብሪቱስ ደህና ናቸው? ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ አሁንም በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ልጄ ሩትም ማርያም ምራት ወንድ ልጅ ታቅፋለች።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሽበሺ አይጠጣ፣ አይማታ፣ ሴት አያሳድድ፤ በዚህ ዕድሜሽ በእንጨት ሣጥን ተጣልተሽ ሰው ደጅ ትቀመጫለሽ ወይ፣ ክርስትናው እንዳለቀ ወደ ባልሽ ተመለሺ ብለውኛል። እሱ አስቀድሞ እንደጻፈልዎት ገብቶኛል። እስከ ዛሬ ለእርስዎ የምልከውን ደብዳቤ የጎረቤት ልጅ ነበር የሚጽፍልኝ፤ ይህን ግን ማንም እንዲሰማው አልፈለግሁም። በጎልማሳነቴ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ከበቃችኝ ይበቃኛል።

እርስዎ ራዲዮ ሲባል በእጅ የሚንጠለጠለው ትንሹ ይመስልዎታል። ይህ በጃንሆይ ጊዜ የቡና ነጋዴዎች ሳሎናቸው ውስጥ ያቆሙት የነበረው ነው። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ክዳኑ ሲነሣ ሸክላ ማጫወቻ አለው፤ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለችው የቀበሌ ቤታችን ደግሞ ሳሎንና ጓዳ ብቻ እንደሆነች ያውቃሉ። ሽበሺ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በአቅራቢያችን ካሉት ከአጋሮም ከደዶም እየለቀመ ሳሎኑን ሞላው። ወደ ጓዳ የማልፈው በጎኔ ነው። ምሳ የምናቀርበው በአንደኛው ላይ ነው፤ እሱም የሰሃን ምልክት እንዳይወጣበት ከሥሩ ጨርቅ አድርጊ እያለ ይቆጣኛል።

አብዛኞቹ ትንፍሽ አይሉም። አንደኛው ብቻ ሲከፈት እንደሚጠበስ ሥጋ ይንጫጫል፤ ሽበሺ ጆሮውን ለጥፎ «ስሚ፣ ካይሮ ነው» ይለኛል። ወጣት ሳለ በነጋዴዎቹ መስኮት ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ ዘበኛ በዱላ እንዳባረረው አንድ ቀን ነግሮኝ አዝኜለት ነበር። አሁን ሐዘኔ አልቋል። የአይጥ ሽንት፣ የሻገተ ጨርቅና የቫርኒሽ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ በልብሴም በፀጉሬም ገብቷል። በረሮው ሙቀቱን ወድዶት ከሚንጫጫው ራዲዮ ጀርባ ተቆልሎ ይኖራል፤ ወጥ ሳወጣ በጭልፋው ላይ ሲሄድ አይቼ የደፋሁበት ቀን አለ።

ከዚህ የባሰው ግን የሚያገኝበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ራዲዮ ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሽበሺ አንዱ በሞተ ቁጥር ራዲዮውን ሊጠይቅ ለቅሶ ይከተላል። መጀመሪያ ሰው ወዳድ መስሏቸው ያመሰግኑት ነበር። በኋላ ነቁበት። ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሴቶቹ ይጠቃቀሱና «የራዲዮው ባል መጣ፣ አልብሷት» ብለው ሳሎን ባለው ራዲዮ ላይ ጋቢ ይጥሉበታል። እኔ ከጎኑ ሆኜ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ፤ ሰው ለሟች የማለቅስ ይመስለዋል።

በግንቦት የጎረቤታችን የሐጂራ ባል አብዱልሰመድ ሞተ። ሐጂራ ሩትን ሳምጥ እጄን ይዛ ያደረች ሴት ናት። ሽበሺ አላህ ያጽናሽ ብሏት ሳይጨርስ «ያ የጋሽ አብዱልሰመድ ራዲዮ ደህና ነው?» አላት። ሐጂራ ቀና ብላ አየችውና «ደህና ነው አቶ ሽበሺ። የሞተው እሱ ነው» አለችው። ወዲያው ልጆቿን ጠርታ፣ ወላሂ ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣልኝ ብላ ለቀስተኛው እያየ አስጫነችው። ባለጋሪው ገመቹ ደጃችን ላይ ሲያወርድ «አዴ ሸዋረገጥ፣ ይሄኛውን ደግሞ የት ልትቀብሩት ነው?» አለኝ። ሰፈሩ ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ሩት ልትወልድ ከባሏ አገር ከየቡ ልትመጣ ሆነ። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሴት እናቷ ቤት እንደምትታረስ ለእርስዎ አልነግርም። ሽበሺን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ጓዳውን አስለቅቄ፣ አልጋውን አንጥፌ፣ የሕፃኑን ፍላኔል አጣጥፌ አስቀምጬ ነበር። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ የአብዱልሰመድ ራዲዮ አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ አልጋዋ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ሽበሺ ሳሎን ቢደርቅ አቧራ ይይዘዋል አለ። ለጊዜው ሶፋ ላይ ትተኛ አለ፣ የመውለጃ ወሯ ለገባ ልጅ። ሩት ከሽታው የተነሣ ደጅ ወጥታ አስመለሰች።

እኔ ፍላኔሉን ላወጣ ሣጥኔን ብከፍት ተበልቷል። ብጣሹን ተከትዬ ከጓዳው በር አጠገብ የቆመውን ራዲዮ የኋላ ክዳን ነቀልኩት። የልጅ ልጄ ፍላኔል ተቦጫጭቆ ጎጆ ሆኗል፤ ውስጡ ፀጉር ያላወጡ ቀያይ የአይጥ ግልገሎች ይላወሳሉ። ጋሼ፣ በቤቴ የታረሰችው አይጥ ናት። ሽበሺ ከጀርባዬ መጥቶ አየና «ቀስ በይ፣ ሽቦውን እንዳትበጥሺው» አለኝ። ሩት ግን «ተይው እማዬ፣ የቡ እመለሳለሁ» ብላ ሻንጣዋን አነሣች። እኔም ተከተልኳት።

ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ አማቷ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ተኛች። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ገንፎ ላገነፋ ስነሣ ጨው የት እንዳለ እጠይቃለሁ፤ ማማሰያ እጠይቃለሁ። እሳቸውም «እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ እንግዳ አይደሉ እንዴ» ይሉኛል። ለገዛ ልጄ አራስ ቤት እንግዳ ሆንኩ።

ሽበሺ የልጅ ልጁን ሊያይ መጣ። አልዋሽዎትም፣ ሲያቅፈው ሆዴ ሊባባ ነበር። ሕፃኑ ጣቱን ጭብጥ አድርጎ ይዞታል። የሽበሺ ዓይን ግን በሕፃኑ ራስ ላይ አልፎ የቤቱን ጥግ ሲቃኝ ቆየና «ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ አባትዎ የቡና ነጋዴ ነበሩ አይደል? ራዲዮ አልነበራቸውም?» አለ።  ሩት እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለችው። እኔ ወጥቼ ከኩሽናው ጀርባ ምራቄን ተፋሁ።

እንግዲህ በእንጨት ሣጥን ተጣላሽ የሚሉኝ ይህ ነው። ቢሆንም ቃልዎን አላፈርስም። ክርስትናው ሲያልቅ እመለሳለሁ፤ በሰው ማጀት አላረጅም፣ ሌላ መሄጃም የለኝም። ምሳውን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ።

እትዬ ደብሪቱን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ልጅዎን እሱባለውን ሚስቱን እንዳያስከፋ አክስትህ ትልሃለች ይበሉት። ትንሿን ዮርዲን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ። ሩት ከነልጇ እጅ ትነሣለች።

አንድ ነገር ግን ይወቁልኝ ጋሼ። ሩት ብትታመምም፣ ቢከፋትም፣ ሁለተኛ ብትፀንስም፣ ከእንግዲህ «ቤትሽ ነው፣ ነይ» አልላትም።

እህትዎ ሸዋረገጥ
የቡ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.