ያነከሰ ይወጣል

ውድ ወንድሜ፣

ስልክህን ዘግተሃል። እሺ፣ ዝጋው። እኔ ግን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝ፤ ስልክ ዘጋሁ ብለህ ከእኔ ምላስ አታመልጥም። ይህን ደብዳቤ የሆቴሉ ዘበኛ በበርህ ሥር ያስገባልሃል።

ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ አንድ ወሬ ብቻ ነበር የሚያወራው። ለብሔራዊ ቡድኑ ከአንተ በላይ ጎል ያገባ ሰው የለም፤ ሠላሳ አንድ። ከየሜዳው አቧራ ለቅመህ አምጥተህ አሁን የምታሰለጥነው ቀጮ ደግሞ ሠላሳ ደርሷል። «አሰልጣኙ ሪከርዱን ያስነካል ወይ?» ነበር ጥያቄው። ሥጋ ቤቱ ሰውዬ «የገዛ ሐውልቱን ማን ያፈርሳል?» አለኝ። ሥጋውን እዚያው ትቼለት ወጣሁ፤ ይብላው።

ትላንት ስታዲየም ስገባ ከማን ጎን ቢያስቀምጡኝ መሰለህ? ከድሮው አሰልጣኝህ፣ ከጄኔራሉ! ሰውዬው አርጅተዋል፣ በዱላ ነው የሚሄዱት። አገር የሚያውቃቸው ዋንጫ ባመጣው ቡድን አሰልጣኝነታቸው ነው። እኔ የማውቃቸው ግን ጉልበትህን እንደበሉት ነው። በዚያ ፍጻሜ እያነከስክ የማደንዘዣ መርፌ አስወግተው አጫወቱህ፤ ሠላሳ አንደኛዋን አገባህ፣ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካህም። ሕዝቡ በየመንገዱ ሲጨፍር እኔ ሆስፒታል ውስጥ እግርህን ይዤ ሳለቅስ ነበር። ሰላምታም ከነሳኋቸው ቆየሁ።

አሰልጣኝ በሆንክ ማግስት «ያነከሰ ይወጣል» ብለህ ሕግ ስታወጣ ለዚህ ነው ያልገረመኝ። ኮከብም ይሁን ተቀያሪ፣ ጨዋታው የትም ይድረስ፣ ያነከሰ ይወጣል።

ቀጮ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አገባና ተካከላችሁ። እንዴት እንደዘለልክ አይቻለሁ፤ እንደ ሕፃን ነበር የዘለልከው። ከዕረፍት በኋላ እነሱ አቻ አደረጉ። ለዋንጫው ውድድር ለማለፍ ማሸነፍ አለብን፣ አለዚያ ዋንጫውን በቴሌቪዥን ልናይ ነው። ሰዓቱ እየሮጠ ሳለ ተከላካዩ ቀጮን ጠለፈው። ተነሳ፣ እጁን አወዛወዘ፣ «ደህና ነኝ» አለ። ግን ግራ እግሩን ሲያሳርፍ ያነክስ ነበር። እኔ አየሁት። አንተም አየኸው።

ስታዲየሙ በሙሉ ስሙን እየጠራ ይዘምራል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔው ራሴ በሆዴ «ግድ የለህም፣ አላየሁም በል» እልህ ነበር። ሰዉ እንዳይበላህ ፈርቼ!

የመቀየሪያው ቁጥር ወጣ። የእሱ ቁጥር።

ወዲያው «ምቀኛ! ምቀኛ!» የሚለው ጩኸት ሜዳውን ሞላው። የውሃ ጠርሙስ እንደ በረዶ ወረደብህ። ቀጮ አልወጣም ብሎ ቆመ። አንተ እስከ መስመሩ ሄድክ፣ ክንዱን ትከሻህ ላይ ጣልክ፣ በጆሮው የሆነ ነገር ተናገርክ። አንዱ ጠርሙስ ግንባርህን ሲመታህ እንኳ ዞር አላልክም። ወይ ጉድ! ይህ ሰው እኔ አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ ነው ወይ አልኩ።

ያኔ ጄኔራሉ ከወንበራቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ያን ቀን ወንድምሽ ሲያነክስ እኔም አይቼው ነበር» አሉኝ። «አየሁና መርፌ አስወግቼ መለስኩት። ዋንጫውን ፈለግሁት።» ሊያጨበጭቡ ፈለጉ፤ ዱላው አላስችል አላቸው። ያዝኩላቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰደበህ እሳቸው ብቻቸውን፣ እንባቸው እየወረደ፣ አጨበጨቡልህ። ዱላውን ብብቴ ሥር ወሽቄ እኔም አጨበጨብኩ።

እንደምታውቀው በአቻ አለቀ፤ ዋንጫው ቀረ። ሬዲዮው ሊያባርሩህ ነው ይላል። ያባርሩህ።

ዛሬ ጠዋት ቀጮ እግሩን በፋሻ ታስሮ ልብስ መስፊያ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። ሐኪሙ ጅማቱ ለመበጠስ ትንሽ ነበር የቀረው ብሎታል። «እትዬ፣ አንድ ሩጫ ብደግም አብቅቶልኝ ነበር» አለኝ። በጆሮው ምን እንዳልከው ጠየቅኩት። የታሰረ እግሩን እያየ፣

«‹ሠላሳ ሁለተኛዋ ጎል የትም አትሄድም፤ እስክትድን እኔ እጠብቅልሃለሁ› አለኝ» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም መቀሴን ጥዬ አብሬው አለቀስኩ።

ስማኝ ወንድሜ። ያቺን ጎል የሚያገባ ቀን መጀመሪያ እልል የምለው እኔ ነኝ፤ አንተም ሥራ ኖረህ አልኖረህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ታያለህ። እስከዚያ ወደ ቤት ና። ሆቴል ተደብቆ መተከዝ ላንተ አይሆንም።

ታላቅ ለታናሹ እንዲህ ብሎ አይፈርምም ይሉኛል። ይበሉ።

አክባሪህ፣
እህትህ