ማንም ሳይጠራቸው ቡድኑን የተቀላቀሉት የአቶ ሎዌል ፕሩዊት የሕይወት ታሪክ

አቶ ሎዌል ፕሩዊት ከአባታቸው ከአቶ መርል ፕሩዊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፓል ዴከር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1950 በኢንዲያና ግዛት፣ ብራይስቪል በምትባል የገበሬዎች ከተማ ተወለዱ። እናታቸው "ይሄ ልጅ ሆዴ ውስጥም አርፎ አልተቀመጠም" ይሉ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው በ1968 በአቅራቢያው ወዳለ ኮሌጅ ገቡ። ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ የመረጣቸው አልነበረም፤ ነፃ የትምህርት ዕድልም አላገኙም። በሙከራው ቀን በራሳቸው እግር ሄደው ተባረሩ። በማግስቱም ሄዱ።

"አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?" አሏቸው አሠልጣኙ አቶ ሃስኬል ብሮዲ።

"ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

"ዛሬም ባባርርህስ?"

"ነገ እመጣለኋ!"

ገቡ። ከዓመት በኋላ እንደ እሳቸው ሳይጠራ ከመጣው ከዳሪል ሞስ ጋር በልምምድ ላይ የተጋጣሚን ኮከብ እየመሰሉ ሲገፈተሩ፣ በጨዋታ ቀን ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቁነጠነጡ ቆዩ።

በመጋቢት 1972፣ በመጨረሻው ጨዋታቸው፣ ሦስት ተጫዋቾች በጥፋት ብዛት ወጡ፤ የሌላ አንዱም እግር ተጠመዘዘ። "ፕሩዊት፣ ግባ!" ተባሉ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ትእዛዙ ኳሷን ይዞ እስከ መጨረሻዋ ሴኮንድ መቆየት ነበር። አቶ ሎዌል ግን ኳሷ እጃቸው እንደገባች ወረወሩ። ሳቱ። ሰዓቱ ላይ ገና ሰባት ሴኮንድ ይቀር ነበር፤ ተጋጣሚ ኳሷን ይዞ ጨረሰው።

"ማን ወርውር አለህ?" ብለው አሠልጣኙ ጮኹባቸው።

"ማንም። ያለቀ መስሎኝ ነው።"

እውነቱ ሌላ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ "አለቀ! ወርውር!" ያለው፣ ሰዓቱን አሳስቶ ያነበበው ዳሪል ነበር። ይህን አቶ ዳሪል ራሳቸው ባለፈው ማክሰኞ እያለቀሱ ነገሩን። ያኔ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አቶ ሎዌል "አንተ ገና አንድ ዓመት ይቀርሃል። እኔ ጨርሻለሁ። ዝም በል!" ብለዋቸው ኖሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጃኔል ይህን ሲሰሙ "አንድ ቀን አርፎ ያልተቀመጠ ሰው፣ በዚህ በዚህ ሃምሳ ዓመት ዝም አለ?" ብለው ቀሩ።

አቶ ሎዌል ለእነዚያ ሃምሳ ዓመታት በከተማው ሰው "ሎዌል፣ ምን አስቸኮለህ?" ሳይባሉ ለመኪናቸው ነዳጅ ቀድተው አያውቁም። ወይዘሮ ጃኔልን የተዋወቋቸውም በዚያው ኳስ ነው። በ1974 በቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ "ያቺን የሳትካት አንተ ነህ? አባቴ እኮ ራዲዮናችንን ከግድግዳ ጋር አጋጨው!" አሏቸው። ቅዳሜ አቶ ሎዌል አዲስ ራዲዮ ይዘው ወደ ወይዘሮ ጃኔል አባት ቤት ሄዱ። አባትየው በሩን ከፍተው "ይሄን ለማምጣት ግን አልቸኮልክም" አሉና አስገቧቸው። በሰኔ 1975 ተጋብተው ማርሊስንና ኮሪንን ወለዱ።

ለሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ፤ የሴት ተማሪዎችን ቡድንም አሠለጠኑ። ለሙከራ የመጣችን ልጅ አባረው አያውቁም። በ1993 አስተዳደሩ ከሃያ ስድስቱ ተጫዋቾች አሥራ ሁለቱን ብቻ እንዲይዙ ሲያዛቸው፣ "እናንተ ምረጡና ራሳችሁ ንገሯቸው" ብለው ወጡ። አሠልጣኝነቱን ተነጠቁ። በሳምንቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ልምምድ ጀመሩ፤ ሃያ ስድስቱም መጡ።

ባለፈው የካቲት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በሆስፒታልም የግሉኮስ መስቀያውን እየገፉ ኮሪደሩን ሲመላለሱ ነርሶቹ "አባባ፣ ኧረ አረፍ ይበሉ!" ይሏቸው ነበር። "ቆይ፣ አንድ ዙር ቀርቶኛል" ይሉ ነበር፤ አንዱ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ጥቅምት 9 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ቨርናን ትተዋል።

በሕይወት ሳሉ ያልወደዱትን ዕረፍት፣ እግዚአብሔር በደጁ ቀስ አድርጎ ያስለምዳቸው። አሜን።