ቱቦው መጋዘን ሳለ ስለ ተጠናቀቀው ምንጭ

ለክቡር የድርጅታችን የፕሮጀክት አመራር ሲስተም ዋና ኃላፊ
ዋናው መሥሪያ ቤት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የሰቆጣ ብርድ የማያውቀው ቢሮዎ፣ የማይቆራረጠው ኔትወርክዎና አብረውዎት የሚደክሙት ባልደረቦችዎ ሁሉ እንደ ምኞቴ ደኅና ይሁኑልዎ። እኔ በሰቆጣ ቅርንጫፍ የውሃ ቴክኒሻን የሆንሁት ምንዋጋው ትእዛዙ፣ በሲስተሙ መሠረት ከየካቲት ወዲህ አንዳች ያልሠራሁ ሰው ብሆንም፣ በጤና በኩል ደኅና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ በጥር ወር «አሳላጭ» በተባለው ሲስተማችን ላይ ስለ ጨመሩልን አዳዲስ አገልግሎቶች ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብዎ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ፣ የማጠናቀቂያ ቀኑ የደረሰ ሥራ የሰው እጅ ሳይነካው ራሱ አረንጓዴ እንዲሆንና «ተጠናቋል» እንዲባል ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በሰሃላ ወረዳ፣ ከወረዳው ማዕከል የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ርቃ ባለች መንደር፣ ምንጭ አጎልብተን በቱቦ ልናወርድ አርባ ስድስት አባወራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ቦይ በዐሥራ አንድ ቀን ቆፍሮ ነበር። የቀረው ሰቆጣ መጋዘን የተቀመጠውን ቱቦ ወስዶ መቅበር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የማጠናቀቂያው ቀን ጥር 30 አለፈ፤ የካቲት 1 ቀን ጠዋት ርችት የተሣለበት የደስታ መግለጫ በስልኬ ደረሰኝ። ምንጩ ተጠናቀቀ። በቅርንጫፋችን በፍጥነቱ አንደኛ ወጣ።

2ኛ. የተዘጋ ፕሮጀክት ንብረት እንዳያወጣ መቆለፍዎም ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ቱቦውን ልወስድ ስሄድ የመጋዘን ኃላፊያችን አቶ ደግሰው፣ በሃያ ዓመት አገልግሎቱ አንዲት ብሎን ያልጠፋበት ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ፣

«ወንድሜ ምንዋጋው፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው ይላል እኮ። ለሚፈስ ውሃ ምን ብዬ ቱቦ ልስጥህ?» አለኝ።

ፕሮጀክቱ እንዲከፈት አመለከትሁ። ለመክፈት የዘጋው አካል መፍቀድ አለበት ተባልሁ። የዘጋው ሲስተሙ ራሱ ስለሆነ ማመልከቻዬ ለእርሱው ተላከ፤ እርሱም ጉዳዩን እየመረመረው መሆኑን በየሰኞው በትሕትና ያሳውቀኛል። እንደዚህ ያለ ጨዋ ሠራተኛ ስለ ቀጠሩልን እናመሰግናለን።

3ኛ. ዐሥራ አራት ቋንቋ ስለ ጨመሩበትም አልዘነጋሁም። የአገሩ ሰው የሚናገረው ኽምጥኛ እስኪደርሰው ድረስ ግን የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይታየሽ በእግርና በመኪና ሁለት ቀን ተጉዘው ነገሩን በቃል ሊጠይቁን መጡ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«አረንጓዴውስ መልካም ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «እኛ ዘንድ ያለው ግን ደረቅ ቦይ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የምህረት ላም ገብታበት እግሯ ተሰበረ። ማን ነው ጨርሳችኋል ያለው?»

«ማንም አይደለም እናቴ፤ ቀኑ ነው» አልሁ። እንዲህ ብዬ ስመልስ ያፈርሁትን ያህል በሥራ ዘመኔ አፍሬ አላውቅም።

«ቀን ነው እንዴ ምንጭ የሚሠራው?» አሉ። አልተቆጡም። ወጥተው መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጡና እንዝርታቸውን አወጡ። «ቱቦው ይቅደመኝ፤ እኔ እከተለዋለሁ።»

ያን ቀን ፈተሉ። በማግስቱም ፈተሉ። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ብድግ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሌላ አንድ ቃል አይናገሩም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አቶ ደግሰው ከቁም ሣጥኑ ሥር አቧራ የጠጣውን የድሮውን የንብረት ማውጫ ደረሰኝ፣ ሞዴል 22ን፣ ጎትቶ አወጣና ካርቦኑን አስተካከለ።

«ነገ ይጠይቁኛል» አለኝ ቀና ሳይል። «ይጠይቁኝ። እኚህን ሴትዮ እያለፍሁ መግባት ግን አቃተኝ።»

እርሱ ፈረመ፤ እኔ ፈረምሁ፤ ወይዘሮ ይታየሽም ስማቸውን ቀስ ብለው ፊደል በፊደል ጻፉ። ዐሥራ ሁለቱን ጥቅል ቱቦ መኪናው እስከቻለበት አደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሁለት ሰው እየሆኑ በትከሻቸው ወሰዱት። በዘጠኝ ቀን ቀበርነው። መጋቢት 12 ቀን መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ጥሩ ውሃ መጣ። የፊተኛው ተራ የሰብሳቢዋ ነበር፤ እርሳቸው ግን የላሟ እግር ለተሰበረባት ለምህረት ሰጧት። ምህረት ቀድታ ስትጨርስ እንስራዋን ሳታነሣ ቁጭ አለች።

4ኛ. የሠራተኛን ትጋት በራሱ የሚለካው አገልግሎትዎ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ዜሮ ሰጥቶኛል፤ በተዘጋ ፕሮጀክት ላይ ሥራ መመዝገብ አይቻልምና። ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል፤ ተቀብዬዋለሁ። የአቶ ደግሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ቱቦ አጥፍቷል ተብሎ በመጪው ሐሙስ ከእርስዎ ዘንድ ቀርቦ እንዲያስረዳ ታዟል።

ክቡር ሆይ፣ ቱቦው አልጠፋም፤ መሬት ውስጥ ነው፤ ውሃ አለበት። ወይዘሮ ይታየሽ ይህን ሲሰሙ «ብቻውን አይሄድም» ብለዋል። ስለዚህ ሐሙስ ከአቶ ደግሰው ጋር ከየቤቱ አንድ አንድ፣ በድምሩ አርባ ስድስት ምስክር ይመጣል። ሁሉም መናገር ይፈልጋሉ፤ ሰዓቱን አደራ ሰፋ ያድርጉት።

የሰው ድካም ሳያስፈልገው ሥራን የሚጨርስ ጥበብ የሰጠዎ አምላክ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ወንበርዎንም ያጽናልዎ፤ እያልሁ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሥራ ፈቱ አገልጋይዎ
ምንዋጋው ትእዛዙ
ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 6 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በአደባባይ በመለጠፉ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በሲስተሙ የአስተያየት ሣጥን ልልከው ሞክሬ ነበር፤ ሣጥኑ የሚቀበለው አንድ መቶ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ የእርስዎን ማዕረግ ጽፌ ሳልጨርስ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎ ዘጋው።