የስድስተኛ ጎዳና ቀብር

«ሬሳ ያለፈበት መሬት ለዘለዓለም መንገድ ነው፤ ንጉሥም አያጥረው።» ይህን ያለው አንድ የአገራችን ሽማግሌ ነው፤ ባለፈው መስከረም ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ለጨዋታ ያህል የተናገረው ነው። ወንድማችን ማላኪ ሚስማር ሊገዛ ገብቶ ሰማው። ሚስማሩን ሳይገዛ ወጣ።

ውድ እህቴ እትዬ ፔግ፣ ሰላምታዬን ሳላስቀድም ወሬ ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? የእናታችን ጉልበትስ እንዴት ነው? ለቅዳሴ በእግሯ ትሄዳለች ወይስ ባልሽ ፍላን በጋሪ ያደርሳታል? ድንቹስ ዘንድሮ ከበሽታ ተረፈ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል እንጂ። የምጽፈው በቀኙ ስለሆነ አታስቢ። ይህን ደብዳቤ ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ለእናታችን ምኑ እንደሚነገርና ምኑ እንደሚቀር አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ስድስተኛ ጎዳና ቀደም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከተማችንን የቀየሰው ሰው ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ጎዳና ስሎ፣ መሬቱን ሸጦልን ሄደ። ከአሥራ ሁለቱ በእግር የሚረገጡት ሁለት ናቸው፤ የቀሩት በቆሎ ናቸው። ስድስተኛው በማላኪና በጎረቤታችን በፓት ታልቲ እርሻ መካከል ያለችው ሃያ ሁለት እርምጃ የምትሰፋ ቁራጭ ናት። ወደ ከተማ የምንወጣው በእሷ ነበር። ታልቲ «ከተማው ጎዳናውን እስኪከፍት ድረስ መሬቱ የአራሹ ነው» ብሎ አርሶ አጠራት፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ወንዙን እየተሻገርን ኖርን። አምና ጸደይ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሐኪሙ ማዶ ቆሞ ቀረ። የማላኪ ሚስት ዴሊያ ያለ ረዳት ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመሬት ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሁለቱም ጠበቃ ያዙ። ሁለቱም ጠበቆች እንደሚረቱ ማሉላቸው። ችሎቱ እስኪሰየም ማላኪ የአጥሩን ሽቦ ቆረጠ፤ ታልቲ ውሻችንን ተኩሶ ገደለ። ማላኪ የታልቲን ፈረስ ቋንጃ ቆረጠ፤ ታልቲ የድርቆሽ ክምራችንን አነደደው። እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይንበረከኩ ነበር፤ በሌላው ወንበር በኩል ነፋስ ይገባልና።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ማላኪ የሽማግሌውን ቃል የሰማው። እንዲህ ያለ ሕግ በዚህ አገር እንደሌለ መጽሐፍ ገልጬ አሳየሁት። «አንተ መጽሐፍህን አንብብ፤ እኔ ሬሳ ልጠብቅ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለታመመ ሰው ሁሉ አዛኝ ሆነ፤ ሰው ባሳለ ቁጥር ሾርባ ይዞ ይሄዳል። ደግነቱን ሲያይ መንደሩ ሁሉ ፈራው። ከኛ ጋር የሚኖረውን የዴሊያን አባት፣ ሽማግሌውን ኮነርን፣ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንዳደረ ይጠይቀዋል። ኮነርም አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ጤናዬን ስትጠይቀኝ ቁመቴን በዓይንህ አትለካኝ» አለው። መጋቢት ላይ ሊሞት ሲል ግን ራሱ በታልቲ በኩል ውሰዱኝ አለ። በሕይወቴ መንገድ የለቀቀልኝ ሰው የለም ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

ሳጥኑን እኔና ማላኪ ከፊት፣ ሁለት የዴሊያ ዘመዶች ከኋላ ያዝን። ሽቦውን የቆረጠችው በሐዘን ልብሷ ዴሊያ ናት። ታልቲ ባለሁለት አፍ ጠመንጃውን ይዞ ትልሙ ላይ ቆሟል፤ ልጁ ሳይመን ከጎኑ አለ፣ ባዶ እጁን።

«ማላኪ፣ ሟቹን አከብራለሁ» አለ ታልቲ። «በወንዙ በኩል ከሆነ እኔው ራሴ አብሬ እሸከመዋለሁ። በዚህ ግን አያልፍም።»

«ልጄንም ያስቀረብኝ ወንዙ ነው» አለው ማላኪ፤ ተራመደም።

የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ ነበር። ሁለተኛው የሳጥኑን ክዳን በሳው። ከኋላ የያዙት ለቀቁ፤ ሳጥኑ በጣቶቼ ላይ ወደቀ፣ ኮነርም ተንከባሎ ጭቃው ላይ ተደፋ። እትዬ፣ ቀጥሎ ያየሁትን ለዳኛው በመሐላ ተናግሬዋለሁ፤ ለአንቺም እንደዚያው ነው። ሳይመን ሮጦ ተንበረከከና ኮነርን ሊያነሳ በሟቹ ብብት ሥር እጁን አስገባ። ማላኪ ያየው የታልቲን ልጅ እጅ በሬሳው ላይ ብቻ ነው። የመቃብሩን አካፋ ከኋላችን ከሚከተለው ጋሪ መዞ ልጁን መታው። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ሲሰበር የደረቀ እንጨት ድምፅ ሰጠ። ታልቲም በጠመንጃው ሰደፍ የማላኪን ፊት ደጋግሞ ቀጠቀጠው፤ ግራ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ጥርሶቹም ረገፉ። እኔ በአንድ እጄ የታልቲን ቀበቶ ይዤ እጎተታለሁ፤ ከዚህ ያለፈ ጀግንነት አልሠራሁም። ዴሊያ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቱ ጭቃውን ትጠርጋለች። ሰዎቹ ሲደክማቸው ነው የቆሙት።

ኮነርን አንስተን አሳለፍነው። ማንም አልከለከለንም። ሳይመን በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የእሱም ሳጥን በዚያችው ቁራጭ አለፈ፤ ከነሱ ቤት ወደ መቃብሩ የምታቀርበው እሷ ናትና። የሱቁ ሽማግሌዎች አሁን ሁለት ሬሳ ስላለፈበት መንገድነቱ ጥርጥር የለውም ይላሉ። ማላኪ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶበታል።

ለእናታችን ማላኪ ራቅ ወዳለ አገር ለሥራ ሄዷል በያት፤ ራቅ ማለቱ ውሸት አይደለም። እጇን ሳሚልኝ። ለፍላን፣ ለትንሿ ኪት፣ ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዴሊያ ትስምሻለች፤ ከእኔ ጋር ናት።

ዳኛው ለመዝገቡ እንዲሆን ብሎ አዲስ ቀያሽ ልኮ ነበር። ሰውየው የመጀመሪያውን የወሰን ድንጋይ ከአፈር ቆፍሮ አወጣና ሁለት ቀን ለካ። ታልቲ ያጠራት ቁራጭ በወረቀቱ የታልቲ ናት። ስድስተኛ ጎዳና በኛ ቤት ምዕራብ፣ በአሳማው ጋጣና በቤተ ክርስቲያኑ መሬት መካከል ወንዝ ሳያሻግር ወደ ከተማ የሚወጣው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መስሎን ላም እንኳ ነድተንበት አናውቅም። ማንም አጥሮት አያውቅም።

ወንድምሽ ታዲ
ኒው ኢኒስ፣ ነብራስካ
ሚያዝያ 29 ቀን 1888