ከሳነቴ ቁልቁል የከዳህ ፍሬን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኃይለልዑል፣ ጆሃንስበርግ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትህ? ሰውነትህስ፣ ያ በብርድ የሚጠዘጥዝህ ትከሻህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሩሀማ ደኅና ናት? ትንሿ ልጅህ ሎሚስ አፏን ፈታች ወይ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ ያልዳነው ናፍቆትህ ብቻ ነው። ጎባ ውርጩን ጀምራለች፤ የጓሮው ሣር ነጥቶ ያድራል። በስልክ ልነግርህ ስችል ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ስትደውል እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዋን ስለምትቀስር ነው። ይህን እሷ መስማት የለባትም።

በጎረቤታችን በነጋዴው በሱልጣን እጅ የላክኸው የፍሬን ዕቃ ምንም ሳይጎድል ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ። ብስክሌቷን እኔ ሰባት ዓመት እየነዳኋትም ቤት ውስጥ ስሟ አሁንም «የኃይለልዑል ብስክሌት» ነው። ሥራዬ ሮቤ ስለሆነ በየቀኑ የምወርደው በእሷ ነው። የድሮው ፍሬን ገመዱ ዝጎ፣ እንዳንተ በጫማዬ ነበር የማቆማት። የግራ ጫማህ ለምን ቀድሞ እንደሚያልቅ እናታችን ግራ ይገባት የነበረው ትዝ ይልሃል?

መካኒኩ ጋሽ ኢፋ ጋራዥ አምጣት ቢለኝም እምቢ አልኩ። «የገዛ ብስክሌቱን መፍታት የማይችል አይንዳ» ስትል የነበርከው አንተ አይደለህ! በረንዳ ላይ ገልብጬ የዛገውን ገመድ ነቀልኩ፤ ሰፋፊዎቹን ዲስኮች በስድስት ስድስት ቡሎን አሰርኩ፤ የዘይቱን ቱቦ ከመሪው አውርጄ፣ እጀታውን ጨምቄ እንደያዝኩ ዲስኩን የሚቆነጥጠውን የፍሬን ሸራ መያዣ አጠበቅሁት። አሮጌውን መያዣ ስፈታ የደረቀ የሳነቴ ዳገት ጭቃ ረገፈ። ያንተ ዘመን ጭቃ ይሁን የእኔ አላውቅም፤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ተራ በተራ እየገፋን የምንወጣባቸው፣ ጉሙ ውስጥ እየጮህን የምንወርድባቸው ቅዳሜዎች በዓይኔ መጡ። ምነው ያን ጊዜ ባላለቀ!

አንዲት ቅዳሜ አበላሸችብን እንጂ። ፍሬኑ ከድቶህ መታጠፊያው ላይ ወድቀህ ትከሻህ የተሰበረ ዕለት፣ ዲስኩ ወዝቶ አገኘኸውና «ሰንሰለቱን ዘይት ስትቀባ ያስነካኸው አንተ ነህ» አልኸኝ። አልነካሁትም ብዬ ማልኩ፤ አላመንኸኝም። በሦስተኛው ወር መናኸሪያ ላይ ስንሰናበት ዓይኔን እንኳ አላየህም። ከዚያ ወዲህ ስትጠይቀኝ፣ ስትልክልኝ ኖረሃል፤ ያ ቃልህ ግን ከሆዴ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ጉዱን ስማ። አዲስ ፍሬን እስኪላመድ ይጮኻል። ዓርብ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ስሞክረው ሰፈሩን አደነቆረው፤ እናታችን ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ ወደ ሳነቴ ነዳሁ። ዳገት ላይ ፍሬን ማን ይነካል? ዞሬ ቁልቁል ስመለስ ግን ሁለቱንም ብጨምቅ፣ ወይ ፍንክች! አንተ የወደቅህባት መታጠፊያ ስደርስ ነፍሴን ለፈጣሪ ሰጥቼ ካልታጨደ ገብስ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ከመላጡ በቀር ተረፍኩ። ተነሥቼ ዲስኩን ባሸተው፣ ለጋ ቅቤ።

ቤት ስገባ እናታችን ፊቷ ፈክቶ «ጩኸቱ ተወህ አይደል? ደርቆበት እኮ ነው፤ በማለዳ ሳትነሣ ቅቤ ቀባሁልህ። ለወንድምህም እንዲሁ አደርግለት ነበር» አለችኝ። ታውቃታለህ፤ በር ሲጢጥ ሲል ቅቤ፣ ራስ ሲያም ቅቤ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እንባዬ ተከተለው።

አልነገርኳትም። ልጇን የጣለው የገዛ እጇ መሆኑን ብታውቅ እህል አይወርድላትም። ክርኔን አጥር ቧጠጠኝ፣ የፍሬኑም ጩኸት የጤናው ነው አልኳት። ቅቤ የጠጣውን ሸራ ጥዬ በትርፍ የላክኸውን አስገባሁ፤ ዲስኩን በአልኮል ጠርጌ እንደገና አላመድኩት። አሁን በአንድ ጣት ቀጥ ይላል። ብስክሌቷንም መኝታ ክፍሌ አስገብቼ እቆልፍባታለሁ።

አደራህን፣ አንተም ለእሷ ትንፍሽ እንዳትል። ከአንተ የምፈልገው ሌላ ዕቃ አይደለም። «ዘውገ፣ ዲስኩን አልነካኸውም ነበር» ብለህ አንዴ በእጅህ ጻፍልኝ፤ ይበቃኛል።

ሩሀማን በጣም እንደናፈቅናት ንገርልኝ፤ ሎሚን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እኅታችን እኅተማርያም ፎቶ ላክ ብላሃለች። ጋሽ ኢፋ «ነጋን ሃ ገሉ» ይልሃል፤ በሰላም ይግባ ማለቱን መቼም አልረሳኸውም። እናታችን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልህ በሱልጣን እጅም አንድ ጣሳ ቅቤ ልካልሃለች። ያን የተሰበረ ትከሻህን ለብርዱ እንድትቀባው ነው። እባክህ ተቀባላት።

ታናሽ ወንድምህ ዘውገ
ጎባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.