ትንፋሽ መያዝ

ክንዱ ወንድሜ፣ ለዚህ ለባርቤዶስ የጠላቂነት ትምህርት ብለን በጋውን ሙሉ ላህ ወንዝ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ስንለማመድ የከረምነው፣ ለካ ሞታችንን ስንለማመድ ኖሯል! ዛሬ የአየር ሲሊንደር አዝዬ ባሕር ገባሁ። ውሃው ሲውጠኝ ጠበል የወረደብኝ ይመስል አማተብኩና ትንፋሼን ይዤ ወደ ላይ ልወጣ ስል አስተማሪዋ ለቀም አደረገችኝ። ከወጣን በኋላ «ሳታቋርጥ ተንፍስ! ትንፋሽህን ይዘህ ብትወጣ ሳንባህ ይፈነዳል» አለችኝ። አንተም በጥር እስክትመጣ ያንን ልምምድ ተው። የእናትህን የእትዬ ታንጉትን ጉልበት ሳምልኝ፤ የሳንባውን ነገር ግን እንዳትነግራቸው። ላህ ላይ አስር ሳልቆጥር ትንፋሽህን ለቀህ ብቅ ስትል «ፈሪ» እያልኩ የሳቅኩብህን ይቅር በለኝ። ለካ ጠላቂው አንተ ነበርክ።

ዘሚካኤል